ሐምሌን የሚያሻግር ጓሮ

ከደሴ ተነስቶ አቀስታን አልፎ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው 180 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ መካነ ሰላም ይገባል። ከተማዋ የቦረና ወረዳ መቀመጫ ናት። ወረዳውን በምሥራቅ የለጋምቦ ብርዳም ተራሮች፣ በሰሜን ሳይንት፣ በደቡብ ከላላና ወግዲ ያዋስኑታል፤ በምዕራብ ምድሩ ቁልቁል ይወርድና ዓባይ ላይ ይቆማል፤ ከወንዙ ማዶ ጎጃም ነው። ገብስ ከሚዘራበት ደጋ ተነስቶ ሎሚና ማንጎ ወደሚያፈራው ቆላ ለመውረድ የአህያ መንገድ ይበቃል። የደጋ ነጭ ሽንኩርትና የቆላ ሎሚ በአንድ ገበያ ጎን ለጎን መቀመጣቸው ከዚህ የመጣ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ከገበያው ይልቅ ከቤቱ ጀርባ ያለው ነገር ነው። በእሾህና በጭራሮ የታጠረች፣ ከማሳው ጋር ሲያስተያዩዋት የነጠላ ጥለት የምታህል ቁራሽ መሬት አለች፤ ጓሮ። ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ድንች፣ ጌሾ፣ ጥግ ላይ ጤና አዳም፣ በአጥሩ ሥር ለድፎ ዳቦ መጋገሪያ ቅጠሉ የሚፈለግ ኮባ። ወረድ ሲሉ ደግሞ አጥሩን ተጠግቶ የሚንፏቀቅ ዱባ ይጨመራል። ለሚያየው ሁሉም ከአዳም ዘመን ጀምሮ እዚያው የነበረ ይመስላል። ቀረብ ብሎ ለመረመረው ግን ጓሮዋ የመከራ መዝገብ ናት፤ አብዛኛው ተክል ወደዚያ የገባው በዓመቱ ውስጥ አንድ ባዶ ወር ስለነበረ ነው።

የወሩ ስም ይታወቃል፤ ሐምሌ። በክረምት የተዘራ እህል የሚታጨደው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው፤ ስድስት ሰባት ወር ተበልቶ ክረምት ሲገባ ጎተራው ይሳሳል። ደግነቱ የወሎ ደጋ ሁለት ዝናብ አለው። የበልጉ ዝናብ ከየካቲት እስከ ግንቦት ድረስ ከጣለ የበልግ ገብስ በሰኔና በሐምሌ ይደርሳል፤ ክፍተቱም ይሞላል። ችግሩ በልግ ቃሉን የሚጠብቅ ወዳጅ አለመሆኑ ነው። አንዳንዴ በመጋቢት ጀምሮ በሚያዝያ ይጠፋል፤ አንዳንዴም ጨርሶ አይመጣም። በልግ የቀረበት ዓመት ሐምሌን ያሻገረው ጎመን ነው፤ ጎመኑም ሲያልቅ ሳማ እየተቀቀለ ተበልቷል። መስከረም ላይ እሸት ሲደርስ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» የሚባለው ለቀልድ ብቻ አይደለም። ከንግግሩ ጀርባ አንድ ሙሉ ክረምት በቅጠል ያደረ ቤተሰብ አለ።

ጎመኑ ራሱ የአገር ልጅ ነው። የሐበሻ ጎመን ወይም ጎመንዘር የሚባለው ተክል መነሻው የኢትዮጵያ ደጋ ነው ተብሎ ይታመናል። በ1919 ዓ.ም. ሩሲያዊው የዕፀዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪን አግኝቶ በአገሪቱ ሲዘዋወርና ዘር ሲሰበስብ ቆይቶ፣ ኢትዮጵያን ዓለም የሰብል ዘር ካገኘባቸው ጥቂት ምንጮች አንዷ አድርጎ ቆጥሯታል። ቫቪሎቭን ያስደነቀው የገብሱና የስንዴው ዓይነት ብዛት ነበር። ባለ ጓሮዋ ግን የጎመኗን ነገር ከእርሱ በፊት ታውቃለች፤ ቅጠሉ ይቀነጠሳል፣ ግንዱ ያብባል፣ ፍሬው ተፈጭቶ ምጣድ ያሰሻል። ከአንድ ተክል ወጥም የእንጀራ ማሰሻም ዘርም ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም።

አዘራሩም ልክ አለው። የበልግ ጠል ከተገኘ በመጋቢት፣ ካልተገኘ በግንቦት መጨረሻ አመድና ፍግ በተበተነበት መደብ ላይ ዘሩ ሳሳ ብሎ ይነሰነሳል። ከወር ከምናምን በኋላ የጠበቀው እየተነቀለ ይበላል፤ ይህ ማሳሳትም ነው ምግብም ነው። የቀረው ከታች ወደ ላይ ቅጠል ቅጠሉ እየተቀነጠሰ ክረምቱን ይከርማል። ጫፉ አይቀጠፍም፤ ልጆች በመጀመሪያ የሚማሩት የጓሮ ሕግም ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቀን አቆጣጠር ትንሽ ማለት ያስፈልጋል። የቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዓመቱን በአራት ይከፍለዋል፤ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መፀው እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ እስከ መጋቢት 25፣ ጸደይ እስከ ሰኔ 25። የክረምቱ መግቢያ ሳምንታት የዘርና የደመና ወቅት ተብለው ይታሰባሉ። ገበሬው ግን በቤተ ክርስቲያኑ አከፋፈል ላይ የራሱን ምልክት ጨምሮበታል፤ ግንቦት ልደታ፣ ሰኔ ሚካኤል፣ ቡሄ፣ መስቀል። የሚገርመው ሙስሊሙ የወሎ ገበሬም ለእርሻው የሚቆጥረው እነዚሁኑ ወራት መሆኑ ነው። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚሸሽ ነጭ ሽንኩርት በእርሱ አይተከልም። በአንድ ሰፈር የሚኖሩ ክርስቲያንና ሙስሊም ጎረቤታሞች በጾምና በዓላቸው ይለያያሉ፤ በመትከያና በመንቀያ ቀናቸው ግን አንድ ናቸው።

ጾሙም ቢሆን ጓሮን ያሳደገ ነገር ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ፍልሰታ በነሐሴ 15 ቀን፣ ከዚያም ረቡዕና ዓርቡ ሲደመር ሥጋና ቅቤ የማይነካበት ቀን የዓመቱን ግማሽ ይጠጋል። ከጓሮ ጎመንና ከሽሮ ማጣፈጫ ቅመም ውጭ ማን ይሞላዋል?

ከባሕር ማዶ የመጡትስ? በ1520 እ.ኤ.አ. የፖርቱጋል መልእክተኞች ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ሲመጡ ከያዙት ነገር አንዱ ቁንዶ በርበሬ ነበር፤ አብሯቸው የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በጻፈው መጽሐፍ ቅመሙ በአገሩ ምን ያህል ይወደድ እንደነበር ይታያል። ቀዩ በርበሬ ያኔ በወሎ ምድር ገና አልታወቀም፤ የትውልድ አገሩ አሜሪካ ነውና። ከዚያ ወዲህ በገባ ጊዜ የቁንዶውን ስም ወርሶ፣ ቁንዶውን ራሱን በቅጽል እንዲጠራ አደረገው። ዱባም ከዚያው ከአሜሪካ የመጣ እንግዳ ነው። ቅል ግን የአፍሪካ ነባር ነው። «ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» ያለው ሰው ስለ ሐረጉና ስለ ፍሬው ብቻ አስቦ ሊሆን ይችላል፤ የሁለቱ ታሪክ ግን እውነትም ለየቅል ሆኖ ተገኝቷል። እንግድነቱን በስሙ ላይ የተሸከመም አለ፤ በቆሎ «የባሕር ማሽላ» ይባል ነበር፣ በምኒልክ ዘመን የገባው ዛፍ ደግሞ እስከ ዛሬ «ባሕር ዛፍ» እንደተባለ ነው።

የድንች ታሪክ ከሁሉም ይረዝማል። ጀርመናዊው የዕፀዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር በ1829 ዓ.ም. ገደማ ወደ ትግራይ መጥቶ እዚያው አገር አግብቶ፣ ወልዶ፣ አድዋ ላይ ነው የሞተው። ድንችን ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው እርሱ እንደሆነ ይጻፋል፤ ዓመቱም 1858 እ.ኤ.አ. ነው ይባላል። የወሎ ሰው ሺምፐርን በስም ባያውቀው አይፈረድበትም፤ ነገር ግን ከመካነ ሰላም በላይ ባሉት ብርዳማ ተራሮች የሚለቀመው ጦስኝ በሳይንስ ስሙ የሺምፐርን ስም ይዟል። ሻይ ውስጥ ጦስኝ የሚነክር ሰው ሳያውቀው ድንች አምጪውን ያስታውሳል።

ድንቹ ግን ለሠላሳ ዓመት ያህል ብዙ ወዳጅ አላፈራም። ከመሬት ሥር የሚወጣ ነገር ለገብስና ለጤፍ ሰው ምግብ መስሎ አልታየውም። ሐሳቡን ያስለወጠው ክፉ ቀን ነው። በ1880 ዓ.ም. ከጣሊያኖች ጋር በምጽዋ በኩል በገባ ከብት የመጣው ደስታ የሚባለው በሽታ የአገሩን ከብት በጥቂት ወራት ጨረሰ፤ በብዙ ቦታ ከአሥር ዘጠኙ አለቀ ተብሏል። በሬ የሌለው ገበሬ ማሳውን ማረስ አልቻለም። ድርቁና አንበጣው ተጨምሮ እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ረሃብ ወሎንም ክፉኛ መታው። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ አንስተው እየቆፈሩ ለሕዝቡ አርአያ እንደሆኑና ዶማ አሠርተው እንዳደሉ በታሪክ ተጽፏል።

ጓሮ ያን ጊዜ ከማሳ በላይ ሆነ። በሬ አይፈልግም፤ ዶማና ሁለት እጅ ይበቃዋል። የበሬ አገር የሆነው የሰሜኑ ደጋ የሴቶችን ቁራሽ መሬት ዋጋ በጉልህ ያየው በዚያ ዘመን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ድንችም በደጋው የተስፋፋው ከክፉ ቀን ጀምሮ እንደሆነ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ።

ድንች ሲሰፋ ጠላቱም አብሮት ሰፋ። በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. አየርላንድን ባዶ ያደረገው፣ ቅጠሉን በሁለት ሦስት ቀን አጥቁሮ የሚያደርቀው በሽታ ጭጋግና የማያባራ ዝናብ ይወዳል፤ የወሎ ሐምሌ ደግሞ ከዚህ ሌላ ምንም የለውም። የደጋው ገበሬ መልስ ጊዜውን መቀየር ሆነ። በክረምት መትከሉን ትቶ በበልግ መጀመሪያ፣ ከየካቲት መጨረሻ እስከ መጋቢት አጋማሽ፣ ያጎነቆለ ዘር ድንች ይተክላል፤ አንድ ጊዜ ኮትኩቶ ሁለተኛ ጊዜ አፈር ያስታቅፋል፤ ክረምቱ ሳይከፋ ያወጣዋል። ውጤቱን ልብ ይሏል፤ ድንቹ የሚደርሰው በሰኔና በሐምሌ ነው፣ ልክ ጎተራው ባዶ በሚሆንበት ሰሞን። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ከሆለታ ምርምር ማዕከል የወጡት ጃለኔ፣ ጉደኔና በለጠ የሚባሉት ዝርያዎች ሲወጡ በሽታውን ከነባሮቹ በተሻለ ይቋቋሙ ነበር፤ በክረምት ለመትከል የደፈረ ሰው የመረጠውም እነዚህን ነው። ለጃርት ግን እስካሁን ዝርያ አልተገኘም። ሌሊት መጥቶ መደቡን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይገለብጠዋል፤ ከጥንቱ የደንቆሮ ጫካ፣ ከዛሬው የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ አጠገብ የሚኖር ሰው ደግሞ ቀን ጭላዳውን፣ ሌሊት ጃርቱን እየጠበቀ ነው የሚያመርተው።

ነጭ ሽንኩርት ሌላ ጠባይ አለው። ሰኔ ላይ ይተከላል፣ ጥቅምት ላይ ይነቀላል፤ ውሃ ከተኛበት ግን ሥሩ ይበሰብሳል። ስለዚህ ከመሬቱ ከፍ ያለ መደብ ይሠራለታል፣ ዳርና ዳሩ ቦይ ይወጣለታል። ሥሩ ነጭ ሻጋታ አብቅሎ ከተገኘ መደቡን ለብዙ ዓመት ለሽንኩርት ዘመዶች መከልከል ነው መፍትሔው፤ በሽታው አፈር ውስጥ ተኝቶ ይቆያልና።

ከሁሉም የከፋው ጭቅጭቅ የፍግ ነው። ጫካው እየራቀ ሲሄድ ደጋው የሚያነደው ኩበት ሆነ፤ አፈሩን ማልማት የነበረበት እበት ምድጃ ገባ። ለጓሮ የተረፈው አመዱ፣ የበረት ጠረጋውና የቤት ጥራጊው ነው። ጓሮ ከቤት ጋር የተጣበቀችበት ዋና ምክንያትም ይኸው ሳይሆን አይቀርም፤ በቅርጫት የሚወጣ ፍግ ሩቅ አይሄድም። ባሕር ዛፍ ኩበቱን ከምድጃ ያስጣለ ሲሆን ባለውለታ ነው፤ ከጓሮ አጥር ጥግ ሲተከል ግን ውሃውንም ብርሃኑንም ቀምቶ ጎመኑን ያቀጭጨዋል። ሁለቱን አራርቆ መትከል ያልቻለ ሰው ከአንዱ መምረጥ ይኖርበታል።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ ከዚያም በ1977 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ዓለምን ሲያስለቅስ ከሰውና ከከብት ሌላ ያለቀ ነገር ነበር፤ ዘር። የራበው ሰው የሚዘራውን ይበላል። በ1968 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የዕፀዋት ዘር ማዕከል፣ የዛሬው የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት፣ ነባር ዘሮችን ሰብስቦ በማቀዝቀዣ ያስቀምጥ ነበር። ማዕከሉን ለዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ግን ዘር በገበሬው እጅና በገበሬው መሬት ላይ ካልኖረ ማቀዝቀዣው ብቻውን አይበቃም ብለው በወሎና በሸዋ ከገበሬዎች ጋር ሠሩ፤ በ1982 ዓ.ም. «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ያገኙት በዚህ ሥራቸው ነው።

የጎመን ዘር ግን ማቀዝቀዣ ገብቶም ሳይገባም በቅል ተደርጎ፣ አፉ ተወትፎ፣ ከምድጃው በላይ ጭስ በሚያገኘው ቦታ ተሰቅሎ ይከርማል። ጭሱ ነቀዝ ያርቃል። ለዘር የሚሆነው የሚመረጠው ታዲያ ሲደርስ ሳይሆን በክረምቱ እኩሌታ ነው። ባለ ጓሮዋ ሰፋፊ ቅጠል ያወጡትን፣ ትል ያልነካቸውን አራት አምስት እግር ጎመኖች ትለይና ቅጠላቸውን መቀንጠስ ታቆማለች፤ ቤቱ ቢቸግረውም አይነኩም። በመስቀል ሰሞን ቢጫ አበባ ያወጣሉ። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ የሚያስፈራ ሌሊት ሲመጣ ገለባ ይነሰነስባቸዋል፤ ፍሬያቸው ቡናማ ሲሆን ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ ይታጨዳሉ፣ ረፍዶ ከሆነ ፍሬው ፈንድቶ መሬት ላይ ይቀራልና።