የካሚሪቱ የወጣቶች ማዕከልና ቲያትሩ (ከ1976 እስከ 1982)

የወላጆች ቀን ሲቃረብ በየትምህርት ቤታችን የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። የኪነት ክበቡን ለሚመራው መምህር አንድ አጭር ተውኔት እንዲያዘጋጅ ይነገረዋል፤ መምህሩ በሁለት ሌሊት ይጽፋል፤ ተማሪዎቹ ቃለ ተውኔቱን ይሸመድዳሉ፤ ወላጆችም አጨብጭበው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። በማግሥቱ መጋረጃው ተጠቅልሎ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይገባና እስከሚመጣው ዓመት ድረስ የሚያስታውሰው አይገኝም። እኛም ይህንኑ ደጋግመን ያደረግን ስለሆንን ማንንም ለመውቀስ አናነሣውም። ነገር ግን በጎረቤታችን በኬንያ በአንዲት መንደር የተፈጸመውን ታሪክ ባነበብን ቁጥር፣ ወጣቶችን በኪነት መምራት ማለት ምን ማለት እንደሆነ የነበረን ሐሳብ ትንሽ በትንሽ እየተናጋ መጥቷል። ታሪኩን ለሙያ ጓደኞቻችንና ለተማሪዎቻችን ለማካፈል የፈለግነውም ስለዚህ ነው። (የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ካሚሪቱ ከናይሮቢ በስተሰሜን ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሊሙሩ ከተማ አጠገብ የምትገኝ መንደር ናት። መንደሪቱን ወዶ የቆረቆራት ሰው የለም። በ1950ዎቹ የማው ማው አርበኞች በጫካ ሆነው ከእንግሊዝ ጋር በሚዋጉበት ጊዜ፣ ቅኝ ገዥው መንግሥት ገበሬው ለአርበኞቹ ስንቅና ወሬ እንዳያቀብል ብሎ ተበታትኖ ይኖር የነበረውን ሕዝብ ከየቀየው አንሥቶ በግዳጅ ባንድ ቦታ አሰፈረው። ኬንያ በ1963 ነጻ ስትወጣ ሰፈራው አልፈረሰም። እንዲያውም እያደገ ሄዶ በ1970ዎቹ አጋማሽ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሕዝብ ይኖርበት ነበር። ከነዋሪዎቹ መካከል የባታ ጫማ ፋብሪካ ወዛደሮች፣ በትልልቅ እርሻዎች የሻይ ቅጠል የሚለቅሙ የቀን ሠራተኞች፣ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚያገለግሉ፣ ቁራሽ መሬት ያላቸው ገበሬዎችና ሥራ ያጡ ወጣቶች ይገኙ ነበር።

በዚችው መንደር የወጣቶች ማዕከል የሚባል ነበረ። ነበረ ማለት ስሙና ቦታው ነበረ ማለት ነው እንጂ ሥራው ከቆመ ቆይቷል። በ1976 አንድ ቀን በማለዳ አንዲት የመንደሩ ሴት ወደ ደራሲው ወደ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ቤት መጣች። ንጉጊ ያን ጊዜ በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጽሑፍ ክፍል ኃላፊ ሲሆን፣ በእንግሊዝኛ በጻፋቸው ልብ ወለዶች ስሙ ከአፍሪካ ውጭ ሳይቀር የታወቀ ሰው ነበር። ሴትዮዋ ዙሪያ ጥምጥም አልሄደችም። ብዙ መማሩንና መጽሐፍ መጻፉን እንደሰማች ገልጻ፣ ከዚያ ሁሉ ትምህርት ጥቂቱን ለመንደሩ ቢያካፍል ምን እንደሚጎድልበት ጠየቀችው፤ የፈረሰውን የወጣቶች ማዕከል ለማቋቋም እንዲረዳም አሳሰበችው። እሱ ሲያመነታ በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሳ መጣች፤ በሚቀጥለውም እንዲሁ። እስኪስማማ ድረስ ለአንድ ወር ያህል ተመላልሳለች። የካሚሪቱ ነገር ሲነሣ ሁልጊዜ የሚጠራው የደራሲው ስም ነው፤ እኛ ግን የሥራው ጀማሪ ይህች ሴት ናት ባዮች ነን።

ንጉጊም ማዕከሉን ብቻውን አልያዘውም። ከገበሬውም ከሠራተኛውም የተውጣጣ ኮሚቴ ቆመ፤ ስሙም ተለውጦ የካሚሪቱ የማኅበረሰብ ትምህርትና የባህል ማዕከል ተባለ። ይህ የስም ለውጥ ተራ ነገር አይምሰለን። ለወጣቶች ተብሎ የተከፈተው ቤት የቆመው በሩ ለእናቶችና ለአያቶችም ሲከፈት ነው። መጀመሪያ የተያዘው የጎልማሶች ትምህርት ሲሆን፣ እሱንም የመራው የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ንጉጊ ዋ ሚሪ ነበር። ዘዴውም የብራዚላዊው መምህር የፓውሎ ፍሬሬ ነው፤ ይኸውም ተማሪው ፊደል የሚቆጥረው ከራሱ ኑሮ በወጡ ቃላትና በራሱ ችግር ላይ እየተነጋገረ ነው። በአገራችን ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው ከዚህ ሦስት ዓመት ዘግይቶ በ1979 መሆኑን ስናስታውስ ማነጻጸር አይቀርም። በእኛ ዘመቻ ብዙውን ጊዜ ወጣቱ አስተማሪ፣ አዛውንቱ ተማሪ ነበሩ። ካሚሪቱ ላይ የሆነውን ወደፊት እንደምናየው፣ ነገሩ መድረክ ላይ ሲደርስ ተገላበጠ።

ማንበብና መጻፍ የጀመሩት ሰዎች ቀጥለው ቲያትር ፈለጉ። በ1976 መጨረሻ ላይ ሁለቱ ንጉጊዎች አንድ ጽሑፍ እንዲያረቅቁ በማዕከሉ ታዘዙ። ወዲያው በምን ቋንቋ ይጻፍ የሚል ጥያቄ ተነሣ። ከዚያ በፊት ድርሰቶቹን ሁሉ በእንግሊዝኛ ይጽፍ ለነበረው ደራሲ ጥያቄው ቀላል አልነበረም፤ ነገር ግን ተመልካቹ ማን እንደሆነ ከታወቀ ወዲያ መልሱ አላከራከረም። ተውኔቱ የመንደሩ ሕዝብ በሚናገረው በኪኩዩ ቋንቋ ተጻፈ። ርእሱም «ንጋሂካ ንዴንዳ» ተባለ፤ ወደ አማርኛ ቢመለስ «ሲያሻኝ አገባለሁ» እንደማለት ነው።

ረቂቁ በሚያዝያ 1977 አለቀ። እንደ እኛ ልማድ ቢሆን ኖሮ ሥራው አለቀ ተብሎ ድርሻ ይታደል ነበር። እዚያ ግን ዋናው ሥራ የተጀመረው ያን ጊዜ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ጽሑፉ በሕዝብ ፊት እየተነበበ ተቃና። አዛውንቶቹ ሽማግሌው ገጸ ባሕርይ የሚናገረውን ሰምተው፣ በዚያ ዕድሜ ያለ ሰው እንዲህ አይናገርም፣ ምሳሌ ሳይጠቅስ አፉን አይከፍትም እያሉ አረሙት። የፋብሪካ ሠራተኞቹ የሥራቸውን ሂደት አንድ በአንድ አስረዱ፤ በአንድ ቀን የሚያመርቱት ዕቃ የሚያወጣውን ዋጋ ከወር ደመወዛቸው ጋር እያስተያዩ አሰሉ። ያ ስሌት ከተውኔቱ ውስጥ ገብቷል። ስለ ማው ማው የሚያወሳው ክፍል ሲደርስም የዘመኑ ሰዎች እዚያው ተቀምጠው ስለነበር ለደራሲዎቹ የሚነግሩት አላጡም።

ከሁሉ ይበልጥ ልባችንን የነካው የጊቲሮ ነገር ነው። ጊቲሮ ሴቶች እየተቀባበሉ፣ እየተጠያየቁና እየተመላለሱ የሚያዜሙት የሠርግ ዘፈን ነው። ደራሲዎቹ በተውኔቱ ውስጥ ሊያስገቡት ፈለጉ፤ ግን ግጥሙንና አመላለሱን በትክክል አያውቁትም። ያስተማረቻቸው ፊደል ያልቆጠረች አንዲት የመንደሩ አሮጊት ናት። የዩኒቨርሲቲው መምህር እሷ ፊት ደብተር ይዞ ሲቀመጥ፣ ያን የሚያየው ልጅ ስለ አያቱ ምን ያስብ ይሆን? ወጣትን በኪነት መምራት ከተባለ፣ ከዚያ ቀን የበለጠ ትምህርት ሊሰጥ መቻሉን እንጠራጠራለን።

ልምምዱ ሰኔ 5 ቀን 1977 ተጀመረ። አዘጋጁ ኪማኒ ጌቻው ሲሆን፣ ሰዎቹ የሥራ ሰዎች ስለነበሩ የሚገናኙት ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው። የተዋንያን ምርጫም ልምምዱም በሜዳ ላይ ለሁሉ በግልጥ ይካሄድ ነበር። በዚህም የተነሣ ሲሳሳት የነበረው ሰው ሲሻሻል ሕዝቡ በዓይኑ ያይ ነበር፤ ተመልካቹም ራሱ እየጮኸ ያርማል። ከመክፈቻው ቀን በፊት ቃለ ተውኔቱን በቃሉ የያዘው ሰው ብዙ ነበር። ተውኔት የሚወጣው ከአዋቂ ሰው ራስ ውስጥ በምሥጢር ነው የሚለው እምነት እዚያ ሜዳ ላይ ቀረ። (ተማሪዎቻችንን በር ዘግተን የምናለማምደው ለምን እንደሆነ እስካሁን ራሳችንን ጠይቀን አናውቅም ነበር። «ምሥጢሩ እንዳይወጣ» ከማለት በቀር ሌላ ምክንያት አላገኘንለትም።)

መድረኩንም የሠራው ሕዝቡ ነው። አንድ የማዕከሉ አባል በክብሪት እንጨት መሬት ላይ ንድፉን ደረደረ፤ ቀጥሎ ትንሽ አምሳያ ተሠራ፤ በአምሳያው መሠረት ደግሞ ከ2,000 በላይ ሰው የሚያስቀምጥ፣ ከፍ ያለ መድረክ ያለው፣ ጣራ የሌለው ቲያትር ተገነባ። ቅኝ ገዥዎቹ በ1952 በናይሮቢ ከከፈቱት ብሔራዊ ቲያትር ጋር ሲተያይ ይህ ገበሬ የሠራው ነገር ምን ያህል ያኮራ እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ተውኔቱ ኪጉንዳ የሚባል አንድ የእርሻ ሠራተኛን ኑሮ ያሳያል። ኪጉንዳ ያለችው አንድ ኤከር ተኩል መሬት ብቻ ናት፤ የባለቤትነት ወረቀቷንም ግድግዳ ላይ ሰቅሏታል። ባለጸጋው ጌታ ኪዮይ መሬቲቱን ይመኛታል። ኪጉንዳና ሚስቱ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት እንዲጋቡ ተመክረው ለሠርጉ ወጪ መሬታቸውን ለባንክ ያሲዛሉ፤ በመጨረሻም ያጧታል። ልጃቸው ጋቶኒ በባለጸጋው ልጅ ተታልላ ካረገዘች በኋላ ትጣላለች። መድረክ ላይ የወጣችው ልጅም፣ ቁማ የምታየውም ጎረቤቷ፣ ይህን ታሪክ ከመጽሐፍ ያወቁት አልነበረም። የተውኔቱ ኃይልም፣ ከባለሥልጣኖቹ ጋር ያጋጨው ነገርም ይኸው ነው።

ጥቅምት 2 ቀን 1977 ለሕዝብ ቀረበ። የማው ማው ትግል የተጀመረበት 25ኛ ዓመት ስለነበር ጊዜው የተመረጠው ታስቦበት ነው። ከሩቅ መንደር አውቶቡስ እየተከራየ የሚመጣ ሰው ነበር፤ ሌሎች መንደሮችም እንዲህ ያለ ማዕከል እንዴት እንደሚቋቋም የሚጠይቁ መልእክተኞች ይልኩ ጀመር። ኅዳር 16 ቀን የአውራጃው አስተዳዳሪ ፈቃዱን ሰረዘ። የተሰጠው ምክንያት የሕዝብ ጸጥታ የሚል ነው። በታኅሣሥ መጨረሻ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ተይዞ ክስ ሳይመሠረትበት፣ ፍርድ ቤትም ሳይቀርብ አንድ ዓመት ያህል ታሰረ። በካሚቲ ወኅኒ ቤት ሆኖም የመጀመሪያውን የኪኩዩ ልብ ወለዱን በመጸዳጃ ቤት ወረቀት ላይ ጻፈ። በታኅሣሥ 1978 ሲፈታ ወደ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ሥራው አልተመለሰም።

ማዕከሉ ግን ከሱ ጋር አልታሰረም። የመንደሩ ሰዎች ሥራቸውን ቀጥለው ለሁለተኛ ተውኔት ተዘጋጁ። ርእሱ «ማይቱ ንጁጊራ» ሲሆን ትርጉሙ «እማዬ ዝፈኚልኝ» ነው፤ በየካቲት 1982 በናይሮቢ ብሔራዊ ቲያትር ሊያሳዩ ተነሡ። ተዋንያኑ ሲደርሱ በሩ ተቆልፎ አገኙት። ልምምዳቸውን ወደ ዩኒቨርሲቲው አዳራሽ አዛወሩ። ልምምዱን ለማየት የሚጎርፈው ሕዝብ ብዛት ከ10,000 በላይ እንደነበር ይገመታል፤ ሳይውል ሳያድር ይህም ተከለከለ። መጋቢት 11 ቀን 1982 የማዕከሉ ፈቃድ ተሰረዘ፤ በማግሥቱ መሣሪያ የያዙ ፖሊሶች በሦስት የጭነት መኪና መጥተው በክብሪት እንጨት ተነድፎ የነበረውን ቲያትር ከመሬት ጋር አስተካከሉት። ኪማኒ ጌቻውና ንጉጊ ዋ ሚሪ ወደ ዚምባብዌ ተሰደዱ። ንጉጊ ዋ ቲዮንጎም የዚያኑ ዓመት በውጭ አገር ሳለ በዚያው ቀረ።

ስለ መሪዎቹ ያለንን አስተያየት ሳንሸሽግ እንናገር። ሥራው የአንድ ትልቅ ስም ጥላ አርፎበት እንደነበር አይካድም። ሌሎች መንደሮች መልእክተኛ ሲልኩ ማዕከሎቻቸውን ለማቋቋም በቂ ጊዜ ተገኝቶ ቢሆን ኖሮ፣ አንዱን መድረክ ማፍረስ የሁሉን አፍ ባልዘጋ ነበር። ጊዜው ግን ከመጀመሪያው ትርኢት እስከ እገዳው ድረስ ሰባት ሳምንት እንኳ አልሞላም፤ ስለሆነም ጥፋቱን በመሪዎቹ ላይ ለመጣል አንደፍርም። አንድ ነገር ግን ከነሱ ወስደን በክበባችን ሞክረነዋል። ረቂቃችንን ሳንጨርስ ለተማሪዎቹ አንብበን፣ ወደየቤታቸው ወስደው ከአያቶቻቸው ጋር እንዲያርሙት ሰጠናቸው። ሲመለስ ግማሹ የኛ አልነበረም፤ መጀመሪያ ላይ ቅር ብሎን እንደነበረም አንሸሽግም።

ቲያትሩ በፈረሰበት ቦታ በኋላ የሙያ ትምህርት ቤት ተሠራበት። ንጉጊ ዋ ሚሪ በ2008 በዚምባብዌ በመኪና አደጋ ሞተ። ንጉጊ ዋ ቲዮንጎም በግንቦት 2025 በ87 ዓመቱ በአሜሪካ አርፏል። ከማረፉ ሦስት ዓመት በፊት፣ በግንቦት 2022፣ «ንጋሂካ ንዴንዳ» በናይሮቢ በኪኩዩና በእንግሊዝኛ ለሕዝብ ታይቷል። የታየበትም ቦታ በ1982 የካሚሪቱ ተዋንያን በሩ ተቆልፎ ያገኙት ብሔራዊ ቲያትር ነው።