ጦቢያ (ልብ ወለድ)

ጦቢያ፦ በአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ተጽፎ በ1900 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1908) ሮም ላይ የታተመ፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባል መጽሐፍ። ሲወጣ ርእሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር፤ ለዘርፉ መጠሪያ የሆነው «ልብ ወለድ» የሚለው ቃልም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ደራሲው በ1860 ዓ.ም. በጣና ዳር በዘጌ ተወለደ፤ በኔፕልስ አማርኛ አስተምሯል።

ጦቢያና ዋሕድ መንታ ናቸው። ጦቢያ የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ ከአባቷ ጋር ስትወጣ የወንድ ልብስ ትለብሳለች። በተማረኩበት አገር የንጉሡ ዘመድ የሆነች ወጣት ወንድ መስላት ትወዳታለች። መጨረሻው ጋብቻ ነው፦ ወጣቷ ለዋሕድ፣ ክርስትና የተነሣው ንጉሥ ለጦቢያ። ፍጻሜው ሁሉን ወደ ቦታው ይመልሳል፤ እኔ ግን የመጽሐፉን ልብ የማገኘው ከዚያ በፊት፣ ፍቅር ልብስን አምኖ በሚሄድበት ክፍል ነው።

አማርኛ ይህን ምስጢር ከባድ ያደርገዋል። «አንተ» ወይስ «አንቺ»፣ «መጣ» ወይስ «መጣች»? ሰው ሌላውን ሲያነጋግር ወይም ስለ ሌላው ሲያወራ አብዛኛውን ጊዜ መምረጥ አለበት፤ ስለዚህ የጦቢያ መደበቂያ ቀሚሷን መተው ብቻ ሳይሆን በሰው አፍ ያለው ግስ ሁሉ ነው። በሌላ በኩል ሴት ልጅን በፍቅር «አንተ»፣ ወንዱን «አንቺ» ብሎ ማቆላመጥ የተለመደ ነው።

ፍቅር እንቅፋት የሚገጥመው በ«ጦቢያ» ብቻ አይደለም። በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር ጽፈዋል፤ በዚያ እንቅፋቱ የዘር ሐረግ ነው።