በደማምና በአልኮባር የቤት ውስጥ ውድ ንብረትን ከሌባ መጠበቅ

በሳዑዲ ዓረቢያ ምሥራቃዊ ግዛት የሚገኙት ደማምና አልኮባር ወደብ፣ ነዳጅና ኢንዱስትሪ ከልዩ ልዩ አገሮች ብዙ ሠራተኞችን የሳቡባቸው ከተሞች ናቸው። በእነዚህ ከተሞች ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ሠራተኛ በሻንጣ ወይም በቁም ሣጥን የሚቀመጠው ገንዘብና ወርቅ የዓመታት ድካም ፍሬ፣ የወላጅ መጦሪያና በአገር ቤት የሚጀመር የኑሮ መሠረት ነው። ስለዚህ የቤት ውስጥ ንብረትን መጠበቅ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆን አስቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

ቤት ለሌባ የሚጋለጥበት ጊዜ

ቤት ሰብሮ የሚገባ ሌባ በአብዛኛው ሰው የሌለበትን ቤት ይመርጣል። በምሥራቃዊ ግዛት ቤቶች ባዶ የሚሆኑባቸው ጊዜያት የታወቁ ናቸው። የበጋው የትምህርት ቤት ዕረፍት፣ የረመዳን የመጨረሻ ቀናት፣ ሁለቱ የዒድ በዓላት፣ እንዲሁም ብዙ ቤተሰብ በንጉሥ ፋህድ ድልድይ ወደ ባሕሬን የሚሻገርባቸው ዓርብና ቅዳሜ ከእነዚህ ይጠቀሳሉ።

የቤቱን ባዶነት የሚያሳብቁ ምልክቶችም አሉ። አሸዋማ ነፋስ በሚበዛበት በዚህ አካባቢ በደጃፍ ላይና በቆመ መኪና ላይ የተከማቸ አቧራ፣ በበር እጀታ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ የማስታወቂያ ወረቀት፣ በቀን ሲበራ የሚውል የውጭ መብራት ባለቤቱ እንደሌለ ይናገራሉ። ለጉዞ የሚነሣ ሰው ጎረቤቱ ወይም የሕንፃው ዘበኛ ደጃፉን እንዲጠርግና ወረቀቱን እንዲያነሣ አደራ ቢል መልካም ነው። የጉዞን ቀንና የአውሮፕላን ትኬትን ፎቶግራፍ በማኅበራዊ መገናኛ ላይ ማውጣት ግን ከተመለሱ በኋላ ሊደርስ የሚችል ነገር ነው።

በርና መስኮት

የኪራይ ቤት የተረከበ ሰው በመጀመሪያ ሊያደርገው የሚገባው ነገር ቢኖር የበሩን የቁልፍ ሲሊንደር መለወጥ ነው። የቀድሞው ተከራይ ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ አይታወቅምና። ከመደበኛው ቁልፍ በተጨማሪ ከውስጥ የሚዘጋ ጠንካራ መቀርቀሪያና የበር ማያ መነጽር ያስፈልጋሉ። ቁልፍን በምንጣፍ ሥር ወይም በውኃ ቆጣሪ ሣጥን ውስጥ መደበቅ ሌባ አስቀድሞ የሚያውቀው ዘዴ ነው።

በቀድሞ ሕንፃዎች የሚዘነጉ ሁለት መግቢያዎች አሉ። የመጀመሪያው ወደ ጣሪያ የሚያወጣው በር ነው፤ ልብስ ከተሰጣ ወይም ታንከር ከታየ በኋላ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛው የመስኮት አየር ማቀዝቀዣ የተገጠመበት ቀዳዳ ነው። መሣሪያው ከውጭ ተገፍቶ ሊወጣ ስለሚችል በብረት ማቀፊያ መታሠር ይኖርበታል።

የብረት ፍርግርግ በሚገጠምበት ጊዜ ግን ስለ እሳት አደጋም ማሰብ ያሻል። ቢያንስ አንዱ መስኮት ከውስጥ የሚከፈት መሆን አለበት። ሰው በውስጥ እያለ በርን ከውጭ ቆልፎ መሄድም ንብረትን ለመጠበቅ ሲባል ሕይወትን አሳልፎ እንደ መስጠት ይቆጠራል።

በሩን ለማን መክፈት ይገባል

ሁሉም ሌባ በር አይሰብርም፤ አንኳኩቶ የሚገባም አለ። ቆጣሪ ለማንበብ መጣሁ ለሚል ሰው በር መክፈት አያስፈልግም፤ በመንግሥቱ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ የኤሌክትሪክ ቆጣሪዎች እስከ 2021 ድረስ በዘመናዊ ቆጣሪ ስለተተኩ ንባቡ ከርቀት ይወሰዳል። የጥገና ሠራተኛ የሚጠራው በባለ ቤቱ ወይም በሕንፃው አስተዳደር ሲሆን፣ ያልተጠራ ሰው ከደጅ ሆኖ ማንነቱን እስኪያረጋግጥ መጠበቅ ይኖርበታል። በስልክ «ፖሊስ ነኝ፤ ከባንክ ነው» ብሎ የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅም ከዚሁ ወገን ነው።

ጥሬ ገንዘብና ወርቅ

ለጥሬ ገንዘብ ከሁሉ የተሻለው ጥበቃ በቤት ውስጥ አለማከማቸት ነው። የቤት ሠራተኞች ደመወዝ ከ2024 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ በሙሳነድ መድረክ በኩል በባንክና በዲጂታል የገንዘብ ቦርሳ እንዲከፈል ተደርጓል። በዚህ መንገድ የተከፈለ ደመወዝ ከስርቆት መዳኑ ብቻ ሳይሆን መከፈሉም በማስረጃ የተረጋገጠ ይሆናል። ዕቁብ የደረሰው ሰው ገንዘቡን በክፍሉ ሳያሳድር በማግስቱ ወደ ሒሳቡ ቢያስገባ ወይም ወደ አገር ቤት ቢልክ ይመረጣል። የዕቁቡ ቀንና የባለ ዕጣው ስም ከአባላቱ ውጪ ባይወራ ደግሞ የበለጠ ነው።

ወርቅ ሲገዛ ክብደቱና ካራቱ የተጻፈበት ደረሰኝ መቀበልና ደረሰኙን ከወርቁ በተለየ ቦታ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። እያንዳንዱን ጌጥ ፎቶግራፍ ማንሣት ንብረቱ ከተገኘ ባለቤትነትን ለማስረዳት ይጠቅማል። ስልክ ላይ *#06# በመጫን የሚገኘውን መለያ ቁጥር መዝግቦ መያዝም እንዲሁ ነው። አነስተኛ ካዝና የሚገዛ ሰው ከግድግዳ ወይም ከወለል ጋር በብሎን ማሠር አለበት፤ ያልታሠረ ካዝና ለሌባ ተዘጋጅቶ የታሸገ ዕቃ ነው።

ወደ አገር ቤት የሚመለስ መንገደኛ የያዘው ጥሬ ገንዘብ ወይም ወርቅ ዋጋው 60 ሺህ ሪያልና ከዚያ በላይ ከሆነ ለጉምሩክ ማስታወቅ ይጠበቅበታል።

በጋራ መኖሪያና በአሠሪ ቤት

ብዙ ሠራተኞች በአንድ ክፍል በሚኖሩበት ቤት ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ቁልፍ ያለው የብረት ሣጥን ያስፈልጋል። የጋራ በር ቁልፍ ቁጥሩ የታወቀ ይሁን፤ አንዱ ቁልፍ ከጠፋ ቁልፉ ይለወጥ።

በአሠሪ ቤት የሚኖሩ ሠራተኞች ደግሞ ሌላ ሥጋት አለባቸው። ከቤቱ ዕቃ ሲጠፋ ጥርጣሬው አስቀድሞ የሚያርፈው በሠራተኛዋ ላይ ነው። ስለዚህ የቤቱ ጌጥና ገንዘብ በባለቤቶቹ እጅ ተቆልፎ መቀመጡ ለሁለቱም ወገን ይበጃል። ሠራተኛዋም የራሷን ወርቅ ይዛ ስትገባ ለእመቤቲቱ አሳይታ ፎቶግራፍ ብታነሣ፣ በኋላ የሚነሣውን ጥያቄ በቀላሉ ትመልሳለች። ፓስፖርትና ኢቃማ በፎቶግራፍ ተቀድተው ለታመነ ዘመድ ቢላኩ ዋናው ሲጠፋ ይረዳሉ።

ስርቆት ከደረሰ

በሩ ተሰብሮ የተገኘ እንደሆነ ወደ ውስጥ አለመግባት ይበጃል፤ ሌባው ገና አልወጣ ይሆናል። በምሥራቃዊ ግዛት የተባበረው የድንገተኛ ጥሪ ቁጥር 911 ነው። ደዋዩ አድራሻውን በአራት ፊደላትና በአራት አኃዞች በተዋቀረው የብሔራዊ አድራሻ አጭር መለያ ቢናገር ፖሊስ ፈጥኖ ይደርሳል። መለያውን አስቀድሞ በቃል መያዝ ወይም ከበሩ በስተውስጥ ጽፎ መለጠፍ ይገባል። «ኩሉና አምን» የተባለው የስልክ መተግበሪያም ጥቆማ ይቀበላል።

ፖሊስ እስኪመጣ ድረስ መሳቢያም ሆነ በር ሳይነካ ይቆይ፤ የጣት አሻራ በቀላሉ ይጠፋልና። ቀጥሎም የጠፋው ዕቃ ዝርዝር ከደረሰኝና ከፎቶግራፍ ጋር ይቀርባል። ፓስፖርቱ የጠፋበት ኢትዮጵያዊ የፖሊስ ማስረጃ ይዞ በሪያድ ለሚገኘው ኤምባሲ ማመልከት ይኖርበታል። የባንክ ካርድና የስልክ መስመር ወዲያውኑ ይዘጉ።

የተጠርጣሪን ምስል በማኅበራዊ መገናኛ ላይ ማሰራጨት ግን ተበዳዩን ተከሳሽ ሊያደርገው ይችላል። በ2007 የወጣው የኤሌክትሮኒክ ወንጀሎች ሕግ የሰውን ስም ማጥፋትን በእስራትና በገንዘብ ይቀጣል። የካሜራ ቀረጻ ያለው ሰው ለፖሊስ ያስረክብ።

በእስልምና የሕግ ትምህርት የስርቆት ከባዱ ቅጣት የሚታየው ንብረቱ «ሒርዝ» ከሚባለው፣ ማለትም ለመጠበቂያነት ከተዘጋጀ ቦታ ሲወሰድ ነው። ሕጉ ሌባውን ሲያወግዝ ባለቤቱም ንብረቱን ሳይጠብቅ በሜዳ እንዳይተወው ያስታውሳል። የዓመታት ላብ በአንድ ሌሊት እንዳይባክን አንድ ቁልፍ መለወጥ፣ አንድ ደረሰኝ ማስቀመጥ፣ አንድ አድራሻ በቃል መያዝ ዛሬውኑ ሊደረግ የሚችል ነው።