ፕሮፌሰር አብርሃም ብሪሎፍ እና የኩባንያዎች ሂሣብ

የሂሣብ መዝገብ አያያዝ በምናስተምርበት ክፍል ውስጥ፣ ዴቢቱና ክሬዲቱ እኩል ከወጣ ሥራው አለቀ ብሎ ደብተሩን የሚዘጋ ተማሪ አይጠፋም። እኛም በተማሪነታችን ዘመን እንዲሁ ነበርን። ሚዛኑ የገጠመ ሂሣብ እውነቱን ሊሸሽግ እንደሚችል አጥብቀው ካስተማሩት አንዱ፣ በኒውዮርክ በባሩክ ኮሌጅ የሂሣብ አያያዝ ፕሮፌሰር የነበሩት አብርሃም ብሪሎፍ ናቸው። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ብሪሎፍ በ1917 ተወልደው በ2013 አረፉ። ስማቸው የገነነው በ1960ዎቹ ነው። በዚያ ጊዜ የአሜሪካ ትላልቅ ኩባንያዎች ሌሎችን ኩባንያዎች በላይ በላዩ ይጠቀልሉ ነበር። ነገሩን በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደምናደርገው እናስረዳ። አንድ ኩባንያ 100 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ አክሲዮን ሰጥቶ ሌላውን ገዛ እንበል። የተገዛው ኩባንያ ንብረት በራሱ መዝገብ የሰፈረው ግን በ20 ሚሊዮን ብቻ ነው። በዘመኑ የነበረው የማዋሃድ ስልት ገዢው ንብረቱን በዚያው በ20 ሚሊዮን እንዲመዘግብ ይፈቅድለታል። ቆይቶ ያንኑ ንብረት በ100 ሚሊዮን ቢሸጥ፣ 80 ሚሊዮን አተረፍሁ ብሎ ለባለአክሲዮኖች ያስታውቃል። የከፈለው 100፣ የተቀበለው 100፤ ታዲያ ትርፉ ከየት መጣ? ኦዲተሩ ግን ደንቡ እስከተከበረ ድረስ ይፈርማል።

ብሪሎፍ ይህን የተቃወሙት በሙያ መጽሔት ብቻ አልነበረም። ከ1968 ጀምሮ ባሮንስ በተባለው የገንዘብ ነክ ጋዜጣ ላይ ኩባንያውን በስሙ እየጠሩ፣ ሪፖርቱን እየተነተኑ ይጽፉ ነበር። በ1974 ስለ ማክዶናልድስ የጻፉት ሲወጣ የአክሲዮኑ ዋጋ ወዲያው ወረደ። ጆርጅ ፎስተር የተባሉ ተመራማሪ በ1979 ባሳተሙት ጥናት፣ ብሪሎፍ የተቿቸው ኩባንያዎች አክሲዮን ጽሑፉ በወጣበት ቀን በአማካይ 8 በመቶ ገደማ እንደወረደ አሳዩ። የሚያስገርመው ብሪሎፍ የተጠቀሙበት ሰነድ ማንም ሊያነበው የሚችል፣ ለሕዝብ የታተመ ሪፖርት መሆኑ ነው። ምሥጢር የነገራቸው ሰው አያስፈልጋቸውም ነበር፤ የግርጌ ማስታወሻ ማንበብ ይበቃቸው ነበር። በኋለኛው ዘመናቸው የዓይናቸው ብርሃን ሲጠፋም ሪፖርቱን ሌላ ሰው እያነበበላቸው ሥራቸውን ቀጠሉ።

ሌላው ክርክራቸው ስለ ኦዲተሩ ነጻነት ነው። ለአንድ ኩባንያ የሥራ አመራር ምክር እየሸጠ የሚጠቀም ድርጅት የዚያኑ ኩባንያ ሂሣብ እንዴት ያለ አድልዎ ይመረምራል ሲሉ ገና በ1960ዎቹ ጠይቀዋል። በዚህና በመሰሉ ጉዳዮች በ1972፣ በ1976 እና በ1981 መጻሕፍት አሳትመዋል።

መልሱ ዘገየ። የማዋሃዱ ስልት የቀረው በ2001 ነው። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ኤንሮን የተባለው የኃይል ኩባንያ ወደቀ፤ ኦዲተሩ አርተር አንደርሰን ከምርመራው ሌላ የምክር አገልግሎትም ይሸጥለት ነበር። በ2002 የወጣው ሕግ ኦዲተሮችን የሚቆጣጠር ቦርድ አቋቋመ፤ ኦዲተር ለሚመረምረው ኩባንያ ብዙዎቹን የምክር አገልግሎቶች እንዳይሰጥም ከለከለ። ብሪሎፍ ያን ጊዜ ዕድሜያቸው 85 ገደማ ነበር። ተማሪዎቻችን ዘወትር የሚያነሡትን ጥያቄ ግን ሕጉ አልነካውም፤ የኦዲተሩን ክፍያ ዛሬም የሚከፍለው የሚመረመረው ኩባንያ ራሱ ነው።