ወደ ሰሜን ተራሮች ከመውጣታችን በፊት

ጥቅምት ላይ ሰሜን ተራሮችን በእግር ለመሄድ ከጓደኞቼ ጋር እያቀድን ነው። ሰላም ከሆነ ማለቴ ነው፤ ወደዚያ ለሚሄድ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ አሁን እሱ ነው። ጥቅምትን የመረጥነው ዝናቡ አባርቶ ሰማዩ ስለሚጠራ፣ ሣሩም ገና ስለማይደርቅ ነው። መስመሩ የታወቀ ነው፦ ከጎንደር እስከ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና፣ ከዚያ በእግር ሳንቃ በር፣ ግጭ፣ ጨነቅ። ጉልበት የተረፈው በቧሂት በኩል አልፎ 4,550 ሜትር ከፍታ ያለውን ራስ ደጀንን ይወጣል። መንገድ መሪው፣ ጠመንጃ የያዘው ስካውት፣ በቅሎውና ባለበቅሎው ደባርቅ ላይ ይገኛሉ።

ሥራ ስንከፋፈል አንዱ ድንኳን፣ አንዷ ስንቅ ያዙ። ለእኔ የደረሰኝ ማንበብ ነው። አስጎብኚዎች የሚጽፉትን ስታነቡ አንድ ቃል አይጠፋም፦ «ያልተነካ ተፈጥሮ»። ታሪኩን ማገላበጥ ስጀምር ግን በመስመራችን ላይ ሰው ያልነካው ቦታ አጣሁ።

ከሩቁ ልጀምር። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ኮስማስ የሚባል ነጋዴ አዱሊስ ወደብ ላይ በግሪክኛ የተጻፈ የድንጋይ ጽሑፍ ገልብጧል። ጽሑፉ ስሙ ያልተጠቀሰ የአክሱም ንጉሥ ጦሩን ወንዝ አሻግሮ ሰሜን ድረስ እንደዘመተ ይናገራል። ወታደሮቹ እስከ ጉልበታቸው በበረዶ ይሰምጡ ነበር ይላል። እንግዲህ ስለ ወፍራም ጃኬት የምንከራከር እኛ፣ ያ ጦር ምን ለብሶ እንደወጣ እናስበው! የሚዘመትበት ሕዝብ እዚያ ላይ ባይኖር ደግሞ ማን ብሎ ይዘምታል?

ከዚያ በኋላም ሰው አልጠፋም። የቤተ እስራኤል መሪዎች በእነዚሁ አምባዎች መሽገው ከአፄ ሠርፀ ድንግልና ከአፄ ሱስንዮስ ጦር ጋር ተዋግተዋል። ዛሬ ፎቶ የምንነሳበት ገደል ያኔ የመጨረሻው ምሽግ ነበር። ከእግር ጉዞው መስመር ወጣ ብሎ ጃናሞራ ውስጥ ደግሞ ደረስጌ ማርያም አለች። ደጃዝማች ውቤ ቤተ ክርስቲያኗን ለራሳቸው ንግሥ አሠርተዋት ነበር ይባላል። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሣ ኃይሉ እዚያው አካባቢ ውቤን ድል ነሱ፤ በቀናት ውስጥም በዚያችው ቤተ ክርስቲያን አቡነ ሰላማ ቀብተዋቸው አፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። አንዱ ደገሰ፣ ሌላው ነገሠ።

ራስ ደጀንንም ብትወስዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1841 ፌሬና ጋሊኒዬ የተባሉ ሁለት ፈረንሳዮች እንደወጡት ተመዝግቧል። ከእነሱ በፊት ፍየሏን ፍለጋ የወጣውን እረኛ ግን ማን ይመዝግበው?

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። ብሔራዊ ፓርኩ በሕግ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ዋነኛው ምክንያት ዋልያ ነበር፤ በዓለም ላይ ከሰሜን ተራሮች በስተቀር የትም በዱር የማይገኝ እንስሳ። እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ፣ ከላሊበላ ጋር ሰሜን ተራሮችም ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1996 ግን የዋልያው መመናመን፣ የነዋሪው መብዛትና በፓርኩ ውስጥ የሚያልፈው መንገድ ተጠቅሰው፣ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ሰፈረ።

በመሃል ግጭ የሚባል መንደር ነበር። ገብስ የሚዘራበት፣ በግና ከብት የሚረባበት፣ ቤተሰብ በትውልድ የኖረበት መንደር። እ.ኤ.አ. በ2016 ከ400 በላይ አባወራዎች ተነስተው ደባርቅ አጠገብ ሰፈሩ። በዓመቱ ሰሜን ተራሮች ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ፈረንሳዊው የታሪክ ተመራማሪ ጊዮም ብላን ይህን ዓይነቱን ጥበቃ «አረንጓዴ ቅኝ ግዛት» ብሎ ጠርቶ መጽሐፍ ጽፎበታል፤ ግጭም ከዋና ምሳሌዎቹ አንዱ ነው።

እኔ ከብላን ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ቁልቁለት ላይ የሚታረስ መሬት አፈሩ ይታጠባል፤ ከብት የጨረሰው ሣር ለዋልያ አይተርፍም። ይህ የፈረንጅ ተረት አይደለም፣ ገበሬውም ያውቀዋል። ግን መንደሩ ከተነሳ በኋላስ? ከጦርነቱ ዓመታት ወዲህ የዋልያ ቁጥር እንደገና በጣም አሽቆልቁሏል። ሰውን ማስነሳት ብቻውን ዋልያን አላዳነም። ያንን ገደል ከማንም በላይ የሚያውቁት ሰዎች ደግሞ ከገደሉ ርቀዋል።

ታዲያ እንቅር? አንቀርም። ባለበቅሎው፣ መንገድ መሪውና ስካውቱ የሚበሉት ሰው ሲመጣ ነው። ዕቅዱን ግን ትንሽ አሻሽዬዋለሁ። ደባርቅ ላይ አንድ ሙሉ ቀን ጨምሬያለሁ፤ ለከፍታውም ይጠቅማል፣ 2,850 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ሰውነት ይለምዳል። ባለበቅሎ ስንቀጥር የግጭ ልጅ ካለ እሱን እንድናስቀድም ጓደኞቼን አስማምቻለሁ። ወሬ ካለው እንሰማለን፣ ከሌለው ዝም ብለን አብረን እንሄዳለን። ሦስተኛው ሌሊታችን ግጭ ነው፣ 3,600 ሜትር ላይ። ድንኳኑን ስንተክል ዙሪያችን ጓሳና እንደ ዘበኛ የተገተረ ጅብራ ብቻ ይሆናል። ፎቶውን ስንለጥፍ ከሥሩ «ያልተነካ» ብሎ የሚጽፍ ካለ፣ ከቡድኑ አስወጣዋለሁ።