ጀምስ ቻምፒ፡- ከመሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ ጀርባ ያሉት አማካሪ

በሀገራችን ከ1990ዎቹ ዓ.ም አጋማሽ ጀምሮ ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች እስከ ወረዳ ጽህፈት ቤቶች ተግባራዊ የተደረገውን የመሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ (ቢፒአር) ጽንሰ ሐሳብ ለዓለም ካስተዋወቁት ሁለት ምሁራን አንዱ አሜሪካዊው የሥራ አመራር አማካሪ ጀምስ ቻምፒ ናቸው።

እ.ኤ.አ በ1942 በማሳቹሴትስ ግዛት ላውረንስ ከተማ የተወለዱት ሚስተር ቻምፒ፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በሲቪል ምህንድስና፣ በቦስተን ኮሌጅ ደግሞ በሕግ ተመርቀዋል። እ.ኤ.አ በ1969 ከባልደረቦቻቸው ጋር የመሠረቱት ኢንዴክስ የተሰኘ አማካሪ ድርጅት እ.ኤ.አ በ1988 በኮምፒዩተር ሳይንስስ ኮርፖሬሽን ከተገዛ በኋላ፣ በእርሳቸው ሊቀመንበርነት በመስኩ ግንባር ቀደም ለመሆን በቅቷል።

ሚስተር ቻምፒ ከማይክል ሐመር ጋር እ.ኤ.አ በ1993 ያሳተሙት መጽሐፍ ከሁለት ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል። በመጽሐፉ ከቀረቡት ምሳሌዎች አንዱ የአይቢኤም የብድር ክፍል ነው። አንድ የብድር ጥያቄ አምስት ደረጃዎችን አልፎ ምላሽ ለማግኘት በአማካይ 6 ቀን ይፈጅ ነበር። ሁለት ኃላፊዎች አንዱን ማመልከቻ ይዘው ከቢሮ ቢሮ ሲዞሩ ግን ሥራው ራሱ የሚጠይቀው 90 ደቂቃ ብቻ መሆኑን አረጋገጡ። የቀረው ጊዜ ወረቀቱ በየጠረጴዛው ተቀምጦ የሚያልፍ ነበር። ሥራው በአንድ ባለሙያ እንዲጠናቀቅ በመደረጉ ጊዜው ወደ 4 ሰዓት ዝቅ ብሏል።

ጉዳዩ ለደብረ ማርቆስና አካባቢዋ የመንግሥት ሠራተኛ እንግዳ አይደለም። የአባቱን ይዞታ በውርስ ወደ ስሙ ለማዛወር ደብተሩን ይዞ ከጎዛምን ወረዳ ገጠር ቀበሌ ወደ ከተማዋ የሚመጣ አርሶ አደር «ነገ ተመለስ» በተባለ ቁጥር የሚያጣው የአንድ ቀን የእርሻ ሥራውንና የመጓጓዣ ገንዘቡን ነው። ፊርማው ግን የደቂቃዎች ሥራ ሊሆን ይችላል።

ሚስተር ቻምፒ እ.ኤ.አ በ1995 ባሳተሙት ሁለተኛ መጽሐፍ በርካታ የለውጥ ሥራዎች የታሰበውን ያህል ውጤት እንዳላስገኙ አምነዋል። ለዚህም በዋናነት የጠቀሱት ምክንያት የበታች ሠራተኛው አሠራር ሲለወጥ የኃላፊዎች አሠራር ሳይነካ መቅረቱን ነው። በቀጣዩ ዓመት ኢንዴክስን ለቀው በፔሮ ሲስተምስ የማማከር ሥራውን መርተዋል።

ከሚስተር ቻምፒ የሥራ ሕይወት መረዳት እንደሚቻለው፣ ለውጥ በጥናት ሰነድ ብቻ አይረጋገጥም። ኃላፊው እንደ አይቢኤም ኃላፊዎች የአንድን ባለጉዳይ ማመልከቻ ይዞ ከበር እስከ በር ቢከተል፣ መጉላላቱ የት እንደሚጀምር በራሱ ዓይን ማየት ይችላል።