ካንሰር ላልሆነ የመንጋጋ አጥንት እብጠት ያለ ቀዶ ሕክምና የሚሰጥ የመድኃኒት ሕክምና

በመንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚወጣ እብጠት ሁሉ ካንሰር አይደለም፤ ካንሰር ያልሆነውም ሁሉ በቀዶ ሕክምና ብቻ የሚታከም አይደለም። ለዚህ ዋና ምሳሌ የሚሆነው ጃያንት ሴል ግራኑሎማ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ዓመት በታች በሆኑ ሰዎች፣ በተለይም በሴቶች፣ በታችኛው መንጋጋ ላይ ይታያል። ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ባይሠራጭም አጥንትን እየበላ ጥርስን ያነቃንቃል፤ የፊትንም ቅርጽ ያዛባል። ብዙ ጊዜ ሕመም ስለሌለው ታካሚው ዘግይቶ ወደ ሕክምና ይመጣል።

ምርመራ

መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት የእብጠቱ ምንነት መረጋገጥ አለበት። ራጅ ወይም ሲቲ ስካን ስፋቱን ያሳያል፤ ዓይነቱ የሚለየው ግን ከእብጠቱ በሚወሰድ ናሙና ነው። የፓራታይሮይድ ዕጢ ከመጠን በላይ ሲሠራ የሚከሰተው የመንጋጋ እብጠት በማይክሮስኮፕ ከግራኑሎማ ስለማይለይ፣ የካልሲየምና የፓራታይሮይድ ሆርሞን የደም ምርመራም ይደረጋል። እንዲህ ሲሆን በቅድሚያ የሚታከመው ዕጢው ነው። አሜሎብላስቶማ የተባለው እብጠት ግን ካንሰር ባይሆንም ዋና ሕክምናው ቀዶ ሕክምና ነው።

የሚሰጡ መድኃኒቶች

• ትሪያምሲኖሎን፦ በማደንዘዣ ታግዞ በቀጥታ ወደ እብጠቱ ይወጋል። በተለመደው አሰጣጥ በሳምንት አንድ ጊዜ ለ6 ሳምንታት ይሰጣል። የስኳር ሕመም፣ ቲቢ ወይም ሌላ ኢንፌክሽን ያለበት ሰው አስቀድሞ ለሐኪሙ ማሳወቅ ይኖርበታል።
• ካልሲቶኒን፦ ከቆዳ ሥር በመርፌ ወይም በአፍንጫ በሚረጭ መልክ ለብዙ ወራት ይወሰዳል።
• ዴኖሱማብ፦ አጥንትን የሚበሉ ሴሎችን ሥራ ይገታል። የደም ካልሲየምን ሊቀንስ፣ ሲቋረጥም በተለይ በልጆች ላይ ከመጠን በላይ ከፍ ሊያደርገው ስለሚችል የቅርብ ክትትል ይሻል። ለነፍሰ ጡር አይሰጥም።

መድኃኒቶቹ ሁሉንም ታካሚ አያድኑም። ሆኖም እብጠቱን ካሳነሱት፣ ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልግ እንኳ የሚወጣው አጥንት መጠን ሊቀንስ ይችላል።

አገልግሎቱን ለማግኘት

በአሊዩ አምባ፣ በሸዋ ሮቢትና በሌሎች የይፋት ቆላማ አካባቢዎች የሚኖር ታካሚ በቅድሚያ በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ከዚያም በሪፈራል ወደ ደብረ ብርሃን፣ የአፍና የመንጋጋ ስፔሻሊስት ሲያስፈልግም በአዲስ አበባ እንደ የካቲት 12 ወዳሉ ሆስፒታሎች ሊላክ ይችላል። የሪፈራል ወረቀት፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መታወቂያና ቀደም ሲል የተነሡ ራጆች መያዝ አለባቸው። በየሳምንቱ የሚሰጠው መርፌ ተደጋጋሚ ጉዞ ስለሚጠይቅ፣ ሕክምናው ሳይጀመር ስለ ቀጠሮውና ስለ ማረፊያ ከሐኪሙ ጋር መመካከር ይገባል።

ጥንቃቄ

እብጠቱን ማስበጣት፣ ማስተኮስ ወይም ያለ ሐኪም ትእዛዝ መድኃኒት ገዝቶ መውሰድ ለጉዳት ይዳርጋል። ከ2 ሳምንት በላይ የቆየ የመንጋጋ እብጠት፣ ያለ ምክንያት የሚነቃነቅ ጥርስ ወይም የከንፈር መደንዘዝ ያለበት ሰው ሳይዘገይ መመርመር አለበት። እብጠቱ ሊመለስ ስለሚችል ከዳነም በኋላ የክትትል ቀጠሮ አይቋረጥም።